የእማማ ዘይነባ በር የቱ ነው?

ይሄን ታሪክ እስከ ዛሬ በቦታው ላልነበሩ ሦስት ሰዎች ነግሬያለሁ። ለእናቴ፣ ለንስሐ አባቴና ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ። ለሦስቱም የነገርኳቸው ግማሹን ነው። አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰርና «በቃ፣ እንዲህ እንዲህ ሆነና ተገኙ» ብዬ እዘላታለሁ። ዛሬ የተቀመጥኩት ያቺን ቦታ ሳልዘል ልጽፍ ነው። ከዘለልኳት ታዘቡኝ።

ስሜ ሰብለ ነው፤ አርክቴክት ነኝ። ጥበቃው፣ አናጢው፣ ቀለም ቀቢው ሁሉ «ኢንጂነር» ነው የሚለኝ። ያኔ ታዲያ «ኢንጂነር አይደለሁም፣ አርክቴክት ነኝ» እያልኩ ማረም ልማዴ ነበር። ከዚህች ብቻ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ሳትገምቱ አትቀሩም።

ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ሲኬድ ገባ ብሎ፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት አንድ ግቢ አለ። ያሠራው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ዲዛይኑ ግን የእኔ ነው። በራሴ ስም የወጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ስለነበር እንደ ልጄ ነው የማየው። ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። ከግቢው ተነስቶ ሕንጻውን እየዞረ እስከ ላይኛው ፎቅ በቀስታ የሚወጣ ራምፕ ነው ያለው፤ በከዘራም በዊልቸርም ይወጣል። ኮሪደሩ ሰፊ፣ ግድግዳው ነጭ፣ በሩ ሁሉ ግራጫ። በየፎቁ አሥራ አራት በር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም እኩል ርቀት ላይ። የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል በር እንኳ ከመኖሪያዎቹ እንዳይለይ አድርጌ ነው የሠራሁት። የግንባታው ተቆጣጣሪ «ይሄኛው እንኳ ሌላ ቀለም ይሁን» ብሎኝ ነበር። «መስመሩን ያበላሽብኛል» አልኩት። የክፍሉ ቁጥር ደግሞ በግራጫው በር ላይ በግራጫ ብረት ነው የተለጠፈው። ሲያዩት እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ማለቴ፣ የሚያይ ዓይን ላለው።

አረጋውያኑን አላነጋገርሽም እንዳትሉኝ፣ አነጋግሬያለሁ። አብዛኞቹ ከፈረሰው የካዛንቺስ ሰፈር የመጡ ናቸው፤ ሥዕሉን ዘርግቼ «ምን ይጨመር? ምን ይቀነስ?» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልን»፣ «አላህ ያክብርሽ»፣ «አንቺ ታውቂያለሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ብዬ ጻፍኩ። አገሬን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? የትኛው ሽማግሌ ነው ቤት ልሥራልህ ያለውን ሰው ፊት ለፊት «ይሄ አልተመቸኝም» የሚለው? ይሉኝታ እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን ስለተመቸኝ አመንኳቸው።

ሰዎቹ ከገቡ ስድስት ወር ያህል ሆኖ ነው ይሄ ቀን የመጣው። የድርጅቱ ረጂዎች ከውጭ መጥተው ሊጎበኙ ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬን ለአንድ የውጭ ውድድር ላስገባ ስለነበር በዚያው ቀን ፎቶ ላስነሳ ናቲ የሚባል ፎቶግራፈር ቀጥሬያለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቀድሜ ደረስኩና ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ኮሪደሩን ሳይ ክው አልኩ።

በሮቼ ላይ ያልተንጠለጠለ ነገር የለም። አንዱ እጀታ ላይ የእንጨት ማንኪያ በክር ታስሯል። አንዱ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ አንዱ ላይ የዝንብ ጭራ፣ አንዱ ላይ የሕፃን ካልሲ። ራምፑ ወደ ሁለተኛ ፎቅ በሚታጠፍበት ጥግ፣ በዘይት ጣሳ የተተከለ ጤና አዳም ቆሟል። ከመጨረሻው ሦስተኛው በር ላይ ደግሞ ሦስት ቦታ የተቋጠረ የአረንጓዴ ሻሽ ቁራጭ።

«ምንድን ነው ይሄ? የጠንቋይ ቤት ነው እንዴ?» አልኩ፣ እዚያው ቆሜ።

እትዬ ወርቅነሽ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። የሁለተኛና የሦስተኛ ፎቅ አስተናጋጅ ናት፤ ታጸዳለች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ መድኃኒት ታስታውሳለች። የእናቴ እኩያ ናት። እኔን «እርስዎ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ያኔ «አንቺ ወርቅነሽ» ነበር የምላት።

«የእነሱ ነው ኢንጂነር። ራሳቸው ናቸው የሰቀሉት።»

«አርክቴክት።»

«እሺ። በሩ ስለሚመሳሰልባቸው እኮ ነው፣ ለምልክት…»

«ቁጥር አለው አይደል እንዴ?»

«አለውስ፣ ግን…»

«በቃ፣ ለዛሬ ብቻ ይነሳ። ፎቶው ሲያልቅ ትመልሺዋለሽ።»

ማዳበሪያ ይዛ መጣችና አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። አረንጓዴው ሻሽ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። «የእማማ ዘይነባን እንኳ ብንተወውስ? ዓይናቸው እኮ…» አለችኝ።

«ወርቅነሽ፣ አንዱ ከተተወ ሌላውስ ምን በደለ? ሰዓት የለኝም» አልኳት።

ፈታችው። ጣሳውንም አነሳችው፤ የሦስተኛውንም ፎቅ እንዲሁ። ማዳበሪያውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ እኔ ነጩን ግድግዳ እያየሁ «አሁን ሕንጻ መሰለ» አልኩ። ይቺን ቃል መቼም አልረሳትም።

እማማ ዘይነባን ላስተዋውቃችሁ። የወሎ ሰው ናቸው፤ በሙሽርነታቸው አዲስ አበባ ገብተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ካዛንቺስ ጉሊት ላይ በርበሬና ቅመም ሲሸጡ የኖሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ግላኮማ ዓይናቸውን ወስዶት ከጥላ በቀር አያዩም። ስኳር ስላለባቸውም ጠዋት ጠዋት መርፌ ይወጋሉ። መርፌ የተወጋ ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ይጥለዋል፤ እንዲህም ሆኖ የሚሞት አለ።

ሦስት ሰዓት ላይ አረጋውያኑን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ሰበሰብናቸው። እኔም ከፊታቸው ቆሜ፣ እንደ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ «ዛሬ ጨዋ ጨዋ ሁኑልኝ እንግዲህ! እንግዳ አለ፣ ፎቶ አለ፤ ኮሪደር ላይ ድምፅ እንዳይሰማ» አልኩ። ሳቁልኝ። እማማ ዘይነባ ከፊት ተቀምጠው ነበር። «እንዳልሽ ልጄ፣ አናሳፍርሽም» አሉኝ።

እንግዶቹ መጡ። አደነቁ፣ ጨበጡኝ፣ ራምፑን ወጥተው ወረዱ። ናቲና እኔም ከምድር እስከ ላይ እየዞርን ፎቶ አነሳን። የምዘላት ቦታ እዚህ ጋ ናት፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። አልዘላትም ብያለሁ፤ ግን እኔም ያኔ ልብ አላልኳትምና በተራዋ ትምጣ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

እንግዶቹ ከግቢው ሲወጡ ስድስት ሰዓት አለፈ። ናቲም ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። አረጋውያኑ ለምሳ ቀረቡ። እኔ ከማናጀሩ ከአቶ ደረጀ ጋር ቆሜ እየሳቅኩ ሳለ እትዬ ወርቅነሽ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

«እማማ ዘይነባ ምሳ አልመጡም። ክፍላቸውም የሉም።»

«ሽንት ቤት ይሆናሉ» አለ አቶ ደረጀ።

«አይቻለሁ። ሰላት ክፍልም አይቻለሁ። መርፌ ወስደዋል እኮ! ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

ያኔ ሁላችንም ደነገጥን። ኮሪደር ለኮሪደር «እማማ ዘይነባ! እማማ ዘይነባ!» እያልን ሮጥን። ክፍሎቹን ከፍተን አየን። የሉም። በመሐል ጥበቃው «ነጠላ ያደረጉ አንዲት እናት ከእንግዶቹ ጋር ሲወጡ ያየሁ መሰለኝ» አለ።

«መሰለኝ ማለት ምን ማለት ነው?» ጮኽኩበት።

«ግርግር ነበራ እሜቴ! መኪናው ሲወጣ፣ ሰዉ ሲሸኝ… የሆኑ እናት ወጥተዋል።»

አቶ ደረጀ «የድሮ ሰፈራቸው ሄደው ይሆናል፤ አንድ ሁለቴ ውሰዱኝ ብለዋል» አለ። ሁላችንም አመንን። ሕንጻው ውስጥ ሰው ይጠፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ከሁሉም በላይ እኔ። የሠራሁት ቤት ሰው ያጠፋል ብዬ እንዴት ላስብ?

እትዬ ወርቅነሽን መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ወጣሁ። እኔ በግራ እሷ በቀኝ የእግረኛውን መንገድ እያየን ነው። ነጠላ ያደረገች ሴት ባየን ቁጥር መኪናውን አቆማለሁ። ካዛንቺስ ደርሰን እማማ ዘይነባ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ስንቆም የቀረ ነገር የለም። በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ከውስጥ ክሬን ይታያል። እትዬ ወርቅነሽ ሰፈሩን ስለምታውቀው «እዚህ ጋ ግራር ነበረች… እዚህ ጋ የቦኖው ውኃ…» እያለች ትዞራለች። የሚጠየቅ ጎረቤት እንኳ አልነበረም። የአጥሩን ጥበቃ ጠየቅነው፤ «ማንም አልመጣም፣ ደግሞስ ዓይነ ስውር እዚህ ምን ሊያደርጉ?» አለን። መስጊዱ ደጃፍ ጠየቅን። ታክሲ ተራ ጠየቅን። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ተኩል ሆነ።

እትዬ ወርቅነሽ መኪና ውስጥ ጥቅልል ብላ ታለቅሳለች። እኔ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ልገሥጻት ጀመርኩ።

«ቆይ፣ አንቺ የት ነበርሽ? ከመርፌ በኋላ መክሰስ የምትሰጫቸው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እርስዎ እኮ እንግዶቹ ጋ ሻይ አቅርቢ ብለውኝ ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲያው አንገቷን ደፍታ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልክ ነዎት» አለች። ልክ ነዎት! ይሄን ስትል ትንሽ ቀለል አለኝ፤ አያሳፍርም?

ከመስቀል ፍላወር በኩል ዞረን ወደ ኡራኤል ልንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል። ስልኬ ጠራ። ናቲ ነው። ዘጋሁበት። ደግሞ ጠራ።

«ምንድን ነው ናቲ? አሁን አልችልም!»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ ሰብልዬ። ፎቶዎቹን ኤዲት እያደረግኩ ነው። ያቺን ሴትዮ ላጥፋት ወይስ ትቆይ?»

«የቷን ሴትዮ?»

«ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ያለችውን፤ በር በር የምትነካዋን። ‹ከፍሬሙ ትውጣልኝ፣ በኋላ ታጠፋታለህ› ብለሽኝ አልነበር?»

አሁን ያቺ የምዘላት ቦታ መጣች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ናቲ ካሜራውን ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ጫፍ ላይ ተክሎ፣ እኔ ከኋላው ቆሜ በካሜራው ስክሪን እያየሁ ነበር። ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ በሮች ተሰልፈው እስከ መጨረሻው፣ ብርሃኑ ከጎን ገብቶ… ሕይወቴን ሙሉ የተመኘኋት ፎቶ። ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ አንዲት ነጠላ ያደረገች እናት ገባች። እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ትሄዳለች። በር ጋ ስትደርስ እጀታውን ከላይ እስከ ታች ትዳስሳለች፤ ትተወዋለች፤ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ናቲ «እናትየዋ ፍሬም ውስጥ ገባች፣ እንጠብቃት?» አለኝ። «አይ፣ ብርሃኑ ያልፍብናል። ከፍሬሙ ትውጣልኝ፤ በኋላ ታጠፋታለህ» አልኩት። ሠላሳ እርምጃ እንኳ አትርቅም ነበር። ቀና ብዬ በዓይኔ አላየኋትም፤ ያየኋት በስክሪኑ ነው። «እሳቸው» እንኳ አላልኩም። አንድ ሰው ቤቱን እየፈለገ ነው ብዬ አላሰብኩም። መስመሬን የሚያበላሽ ነጭ ነገር ነበረች።

ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም ሳልነግራቸው የዘለልኩት ይቺን ነው።

ስልኩ ከእጄ ወደቀ። «ሦስተኛ ፎቅ ናቸው!» ብዬ ጮኽኩ። «አልወጡም! ሕንጻው ውስጥ ናቸው!»

እትዬ ወርቅነሽ አፍታ አሰበችና ኪሷን ያዘች። «ወይኔ ጌታዬ! የጽዳት ክፍሉ! ጠዋት ባልዲ ላወጣ ከፍቼው ነበር፤ ኋላ ስመለስ ተዘግቶ አገኘሁት፤ ራሱ ነው የሚቆለፈው። ቁልፉ ይኸው፣ እኔ ጋ ነው!»

ያ በር ለእሳት አደጋ ተብሎ ወፍራም ነው፤ ድምፅ አያስወጣም። ዕቃ እንጂ ሰው አይገባበትም ብዬ ከውስጥ በኩል እጀታ አላደረግኩለትም። እሱንም የሣልኩት እኔ ነኝ።

አቶ ደረጀ ጋ ደወልኩ። «ስበሩት!» አልኩት። «በምን ልስበረው? ብረት እኮ ነው!» አለኝ። መንገዱ አይንቀሳቀስም። መኪናዬን የእግረኛ መንገድ ላይ አውጥቼ ትቼው ወረድኩ። እኔ ታኮ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እትዬ ወርቅነሽ ቁልፉን ጨብጣ፣ በኡራኤል በኩል ሽቅብ ሮጥን። ታክሲ ረዳቶች «ማነው ያሯሯጣችሁ?» እያሉ ይስቃሉ። እመ ብርሃንን የለመንኳት ያን ዕለት እንደለመንኳት መቼም አልለመንኳትም። «ይኑሩልኝ ብቻ፣ ሁሉንም እናገራለሁ» አልኩ። ስለቴ ይሄ ነበር፤ ልብ በሉልኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ እትዬ ወርቅነሽ ቁልፉን ከተተች። በሩ ተከፈተ።

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን መደርደሪያው ላይ አስደግፈው ነበር። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል፣ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። በነፍስ አሉ። ብርሃን ሲገባ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩና፣ እየተኮላተፉ፣ «ልጄ… ፎቶው አለቀ?» አሉኝ።

ይሄን ስትሰሙ ምን እንደሚሰማችሁ አላውቅም። እኔ አፈር በበላሁ አልኩ።

የግቢው ነርስ ስኳር በውኃ በጥብጣ ይዛ ሮጣ መጣች። እትዬ ወርቅነሽ ደግፋ ቀስ እያለች አጠጣቻቸው። ትንሽ ነፍስ ሲዘሩ «ወንዶቹ ይውጡልኝ። አንቺም ልጄ ውጪልኝ፤ ወርቅነሽ ብቻ ትቅር። ልብሴን አበላሽቻለሁ» አሉ። በሩ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ቅመም ሲሸጡ ኖረው ማንንም እጃቸውን ዘርግተው ያልለመኑ ሴትዮ፣ በእኔ ግራጫ በር ኋላ፣ ጨለማ ውስጥ።

በኋላ ነርሷ ደህና ናቸው ብላን፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ነገሩን። ፀሐዩ በርትቶባቸው፣ ማንንም ላለማስቸገር ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ተነሱ። «ሁልጊዜ የጤና አዳሙ ሽታ ሲመጣ ቤቴ ፎቅ እንደደረስኩ አውቃለሁ። ሽታው ይመጣል ብዬ ወጣሁ ወጣሁ፣ አልመጣም። አንዱ ኮሪደር ገባሁ። ቋጠሮዬን ባስስ ባስስ የለም። አንዱ በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት፤ ቤቴ መሰለኝ። አልጋዬን ስዳስስ ባልዲ ነው። ዞር ስል በሩ ተዘጋ።»

«ለምን አልጮኹም እማማ?» አልኳቸው።

«አንኳኳሁ እንጂ ትንሽ ትንሽ። ኋላ የእንግዶች ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ድምፅ አታሰሙ ብለሽን የለ? አናሳፍርሽም ብዬሽ የለ?»

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። አላለቀም።

አሥር ሰዓት ላይ አቶ ደረጀ ቢሮው ሰበሰበን። «ምልክቶቹን ማነው ያነሳቸው?» አለ። ድርጅቱ ሪፖርት ይፈልጋል። እትዬ ወርቅነሽ እኔን አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች። ውሸት አይደለም፤ የፈቱት የእሷ እጆች ናቸው። «የጽዳት ክፍሉንም ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።»

«በማን ትእዛዝ?» ብሎ አልጠየቃትም። አፌን ልከፍት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ውድድሩ ትዝ አለኝ፣ ስሜ ትዝ አለኝ፣ «ነገ ለብቻው እነግረዋለሁ» አልኩ ለራሴ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ። ሌላ ከተደገመ ትሰናበታለች ይላል። ፈረመች። ስትወጣ «አይዞዎት ኢንጂነር፣ ተገኙ እኮ» አለችኝ። እኔን ነው የምታጽናናው! አላረምኳትም።

ነገ አልሄድኩም። ከነገ ወዲያም አልሄድኩም። አራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ስለቴ እንቅልፍ ነስቶኝ አቶ ደረጀ ዘንድ ሄጄ «ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ ወርቅነሽ አይሆንም ብላኝ ነበር» አልኩት። ምን አለኝ መሰላችሁ? «ተይው ባክሽ፣ አልፏል። እሷ እንደሆነች ደብዳቤውን ፈርማለች፤ አንቺ ምን አስጨነቀሽ?»

ይሄ ማምለጫ ነበር። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። ወጥቼ ግቢው ውስጥ አረጋውያኑ ፀሐይ ሲሞቁ ባላይ ኖሮ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ገብቼበት ነበር።

ሄጄ መሐላቸው ቆምኩ። እትዬ ወርቅነሽም ነበረች። ከሦስተኛ ፎቋ ነገር በቀር ሁሉንም ተናገርኩ፤ ማዳበሪያውን፣ «ሕንጻ መሰለ» ያልኩትን፣ ቢሮ ውስጥ ዝም ያልኩትን። «ደብዳቤው የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው» አልኩ። አቶ ደረጀ ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው ፊት ምን ይበል? ደብዳቤው በሳምንቱ ተሰረዘ።

ሽማግሌዎቹ ታዲያ እንደ ልማዳቸው፣ «ምንም አይደል የኔ ልጅ»፣ «ሰው ነሽ፣ ሰው ይሳሳታል»፣ «ተቀመጪ፣ አታልቅሺ» ይሉኛል። ያው ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት ድምፅ ነው። ያኔ እማማ ዘይነባ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ መቱ።

«እኔ ምንም አይደል አልልም» አሉ። «አፉ ብዬሻለሁ፤ አላህም አፉ ይበልሽ። ምንም አይደል ግን አልልም። ምንም ነዋ! ዓይኔን ነው የፈታሽብኝ።»

«አዎ እማማ።»

«ነይ እስቲ። ወርቅነሽ፣ ነጠላዬን ዓይኗ ላይ እሰሪላት። አሁን ቤቴ ሂጂ።»

ሕንጻውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ስንት በር እንዳለ፣ ራምፑ የት እንደሚታጠፍ። ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ እርምጃዬን ቆጠርኩ፣ መታጠፊያው ጋ ተምታታብኝ። እጄ በር ነካ፣ ደግሞ በር፣ ደግሞ በር። ሁሉም ቀዝቃዛ፣ ሁሉም ልሙጥ። ላብ አሰመጠኝ። ከኋላዬ የሚከተሉኝ ሰዎች ትንፋሽ ይሰማኛል፤ አንድም ሰው አይረዳኝም። በመጨረሻ አንዱን እጀታ ይዤ «ይሄ ነው» አልኩ።

በሩ ተከፈተ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ግቢ፣ ቤትሽ ነው» አለኝ የሽማግሌ ድምፅ፤ እግራቸው ስለማይችል ከፀሐይ የቀሩ ጋሽ ወልዴ ናቸው። «የዘይነባ ቤት ግን አንድ ፎቅ ወረድ ብሎ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ነጠላውን ሳልፈታ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ከዚያ ማዳበሪያውን ከምድር ቤት አወጣሁ። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ እትዬ ወርቅነሽ ታውቃለች፣ ግን «ራስሽ ጠይቂ» አለችኝ። «ራስሽ!» ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ብላኝ አታውቅም፤ እኔም «እትዬ» ማለትን ለመድኩ። በር ለበር እያንኳኳሁ «ይሄ የማን ነው?» አልኩ። ማንኪያው የአንዲት የሠርግ ቤት ወጥ ሠሪ ነው። ካልሲው የአንዲት፣ ልጃቸውን በሕፃንነቱ የቀበሩ እናት ነው። ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ያስነሳሁትን ለመመለስ እስከ ማታ ድረስ ታሪክ ሰማሁ። ያን ጊዜ፣ ሥዕል ከመሣሌ በፊት፣ መስማት የነበረብኝ እሱን ነበር።

አረንጓዴው ሻሽ መጨረሻ ቀረ። የእማማ ዘይነባ በር ላይ አሰርኩት። እጃቸውን ዘርግተው ዳሰሱትና ፈቱት። «ቋጠሮው የእኔ ካልሆነ እጄ አያውቀውም» አሉና ራሳቸው መልሰው ሦስት ቦታ ቋጠሩት።

የጽዳት ክፍሉ በር አሁን ቀይ ነው፤ ከውስጥም እጀታ አለው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሥራ ስይዝ ሰዎቹ «አንቺ ታውቂያለሽ» ካሉኝ አልጽፈውም፤ ቤታቸው ሄጄ በራቸው ላይ ምን እንደሰቀሉ አያለሁ።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ እናት አባታችሁ ቤት ሄዳችሁ «ይሄ አሮጌ ነገር ይጣል» ልትሉ እጃችሁን ስትሰዱ እኔን አስቡኝ። እነሱ ምንም አይደል ይሏችኋል። አትመኗቸው።

ውድድሩን ተውኩት። ናቲ ያን ጊዜ የጠየቀኝን ደግሞ መለስኩለት፤ «አታጥፋት» አልኩት። ፎቶው አሁን ቢሮዬ ውስጥ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ደንበኛ ሲመጣ «እንዴት ያምራል! እናትየዋ ግን ምን እያደረጉ ነው?» ይለኛል።

«ቤታቸውን እየፈለጉ ነው» እላለሁ።

«የሚረዳቸው ሰው አልነበረም?» የሚለኝ አለ።

እስከ ዛሬ ወሬ እቀይር ነበር፤ ከእንግዲህ ግን «ነበረች» እላለሁ። «ከካሜራው ኋላ ቆማ፣ ከፍሬሙ ትውጣልኝ ትል ነበር።»